በገዛ እጅ የተሠራች መኪና መቼ አለቀች ይባላል?

አንድ ሥራ ተፈጸመ የሚባለው መቼ ነው? ሠሪው እጁን ከሥራው ላይ ሲያነሣ ነውን? ወይስ ሥራው የታሰበለትን አገልግሎት መስጠት ሲጀምር? ወይስ ደግሞ ሠሪውን የማያውቅ፣ ለሥራውም የተለየ ፍቅር የሌለው ሌላ ሰው መርምሮ «ይሁን» ሲል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በሚገባ ስታስቡበት ግን ከአናጢው ወንበር ጀምሮ እናንተ ራሳችሁ እስከምትጽፉት ድርሰት ድረስ ያለውን ሥራ ሁሉ የሚነካ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እኔም ስለዚሁ ጥያቄ ያለኝን አስተያየት በአንድ ምሳሌ አማካይነት ላቀርብላችሁ እወዳለሁ። ምሳሌዬ በእንግሊዝ አገር ሰዎች በየቤታቸው የሚሠሯት መኪና ናት።

በዚያ አገር መኪና ያማረው ሰው ተሠርታ ያለቀች መኪና ከመግዛት ሌላ አንድ መንገድ አለው። ይኸውም የመኪናዋን ክፍሎች በየሣጥኑ ታሽገው ገዝቶ በጓሮው ወይም በጋራዡ ውስጥ ራሱ መገጣጠም ነው። እንዲህ ያለችው መኪና በእነርሱ ቋንቋ «ኪት ካር» ትባላለች፤ እኛ «ተገጣጣሚ መኪና» ብንላት ያስኬዳል። ሻጩ ድርጅት ሻንሲውን፣ የአካሉን ቆርቆሮና ሌሎች ልዩ ልዩ ክፍሎችን ያቀርባል። ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና የኋላ አክሱን ግን ብዙ ሠሪዎች ከአንዲት አሮጌ መኪና ፈትተው ያወጣሉ። የሚሠሩትም ባለሙያ መካኒኮች ብቻ አይደሉም። መምህሩም፣ የቢሮ ጸሐፊውም፣ ጡረተኛውም ከሥራ መልስና በዕረፍት ቀን እጀታውን ሰብስቦ ቁልፍ ያነሣል። ሥራው ወራትን፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመታትን ይወስዳል።

የዚህች መኪና ታሪክ ከሕግ ጋር የተሳሰረ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር ተሠርታ ባለቀች አዲስ መኪና ላይ ከባድ የግዢ ቀረጥ ይከፈል ነበር። ይሁን እንጂ ዕቃውን በክፍል በክፍል ገዝቶ በራሱ ጉልበት የሚገጣጥም ሰው ከዚያ ቀረጥ ይድን ነበር። ይህን ቀዳዳ በሚገባ ከተጠቀሙበት ሰዎች አንዱ ኮሊን ቻፕማን ነው። ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1948 አንዲት አሮጌ ኦስቲን ሰቨን መኪና መሠረት አድርጎ የመጀመሪያ መኪናውን የሠራ ወጣት ነበር። በኋላም ሎተስ የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ሎተስ ሰቨን የተባለችውን ትንሽ፣ ቀላልና ጌጥ የሌላት መኪና ለገበያ አቀረበ። ስለዚህ ጉዳይ የሚተረክ አንድ ወግ አለ። ከቀረጥ ነጻ ከሆነው ዕቃ ጋር የመገጣጠሚያ መመሪያ መስጠት ክልክል ስለነበር፣ ቻፕማን የመፍቻ መመሪያ ጽፎ ሰጠ ይባላል፤ ገዥው መመሪያውን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እያነበበ እንዲገጣጥም ነዋ!

እ.ኤ.አ. በ1973 የግዢ ቀረጡ ቀርቶ በተጨማሪ እሴት ታክስ ሲተካ ያ ጥቅም ተቋረጠ። በዚያው ዓመት የሎተስ ሰቨን የመሥሪያ መብት ኬተርሃም ለተባለ ድርጅት ተላለፈ። ቀረጡ ሲቀር የመገጣጠሙ ልማድም አብሮ የሚቀር ይመስል ነበር፤ ሆኖም አልቀረም። ሰዎቹ ለቀረጥ ሲሉ የጀመሩትን ሥራ ለሥራው ፍቅር ሲሉ ቀጠሉበት። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1996 ሮን ሻምፒየን የተባለ ደራሲ በ250 ፓውንድ ብቻ የስፖርት መኪና ስለ መሥራት የሚያስረዳ መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ፣ የተዘጋጀ ሻንሲ መግዛት የማይችሉ ሰዎች የብረት ዘንግ እየቆረጡና እየበየዱ ሻንሲውን ጭምር በእጃቸው መሥራት ጀመሩ።

ለመሆኑ ሰው ተሠርታ ያለቀች መኪና መግዛት እየቻለ ይህን ሁሉ ድካም ስለምን ይመርጣል? መልሱን ለማግኘት ሠሪውን በሥራው ላይ መመልከት ይበቃል። ሻንሲውን የሚሠራው ሰው በመጀመሪያ የሚገናኘው እናንተ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ከምታውቁት ከሦስት ማዕዘን ጋር ነው። አራት የብረት ዘንጎችን በአራት ማዕዘን አገናኝታችሁ ከአንድ ጎን ብትገፏቸው ማዕዘኑ ይንጋደዳል። ከጥግ ወደ ጥግ አንድ ዘንግ አጋድማችሁ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ካደረጋችሁት ግን ዘንጉ ራሱ ካልታጠፈ ወይም ካልተሰበረ በቀር ቅርጹ አይለወጥም። የዚህች መኪና አጥንት በዚሁ ዘዴ የተሠራ ነው፤ ጎንና ጎኑ 25 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ቀጭን የብረት ቱቦ በሦስት ማዕዘን እየተሰናሰለ ሞተሩንም ሰዎቹንም ይሸከማል። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ደረቅ ይመስል የነበረው ጂኦሜትሪ እዚህ የሰው ሕይወት ተሸካሚ ይሆናል።

ከዚያም ፍሬኑ ይመጣል። የፍሬን ፔዳል ሲረገጥ በቱቦው ውስጥ ያለው ዘይት ግፊቱን ወደ አራቱም ጎማዎች ያደርሳል። በቱቦው ውስጥ አየር ከቀረ ግን አየሩ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ይሰምጣል፤ መኪናዋም በተፈለገችበት ቦታ አትቆምም። ስለዚህ ሠሪው አየሩን ጠብታ በጠብታ ማስወጣትን ይማራል። ብሎን ሲያጠብቅም ጉልበቱን ብቻ አያምንም፤ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ ያጠብቃል፤ ዳዶው በመንቀጥቀጥ ብዛት እንዳይላላም መቆለፊያ ያደርግለታል። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለብሎንም ይሠራል። በእኔ አስተያየት የዚህ ሥራ ትልቁ ዋጋ እዚህ ላይ ነው። ተሠርታ ያለቀች መኪና የገዛ ሰው መንዳትን ብቻ ያውቃል፤ ራሱ የሠራት ሰው ግን እያንዳንዱ ክፍል ስለምን እንዳለ፣ ባይኖርም ምን እንደሚደርስ ያውቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄያችን እንመለስ። ከብዙ ወራት ድካም በኋላ አንድ ቀን ሞተሩ ይነሣል። መኪናዋ ከጋራዡ ደጃፍ ወጥታ ጥቂት ሜትሮች ትሄዳለች። ቤተ ሰቡ ያጨበጭባል፤ ሠሪውም በደስታ «አለቀች!» ይላል። እኔ ግን ገና አላለቀችም እላለሁ። የእንግሊዝ አገር ሕግም የሚለው ይህንኑ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በታላቋ ብሪታንያ በግለሰብ የተሠራች መኪና በሕዝብ መንገድ ላይ ከመንቀሳቀሷ በፊት ለራሷ ብቻ በተዘጋጀ ምርመራ ማለፍ ግዴታዋ ሆነ። ይህ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2009 ይበልጥ በተሟላ ሌላ ምርመራ ተተካ። መርማሪው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። መኪናዋን ከላይ፣ ከታችና ከውስጥ ለሰዓታት ይመረምራል። ፍሬኗን በመለኪያ መሣሪያ ይፈትሻል፤ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ቀድመው መያዝ አለባቸው፤ የኋላዎቹ ከቀደሙ መኪናዋ ተሽከርክራ ከመንገድ ልትወጣ ትችላለችና። የመሪው ዘንግ በግጭት ጊዜ እንደ ጦር ወደ ነጂው ደረት እንዳይገባ ሆኖ መሠራቱን ይመለከታል። የመቀመጫ ቀበቶው የታሰረበትን ቦታ ጥንካሬ፣ የመብራቶቹንና የፍሬቻዎቹን አቀማመጥ፣ የስፖኪዮውን የማሳየት ስፋት፣ የድምፁንና የጭሱን መጠን ሁሉ ይመዝናል። የፍጥነት መቁጠሪያው ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ የሚያሳይ ከሆነ አይቀበለውም።

ከሁሉም ይልቅ እኔን የሚያስገርመኝ ግን ስለ ሹል ነገር የተደነገገው ነው። መርማሪው አንድ መቶ ሚሊሜትር ስፋት ያላት ክብ ኳስ በመኪናዋ ውጫዊ አካል ላይ ታልፋለች ብሎ ያስባል። ኳሷ ልትነካው የምትችለው ጠርዝ ሁሉ የተዶለዶመ፣ የክብነቱም ሬዲየስ ቢያንስ 2.5 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለማን ነው? ለነጂው አይደለም፤ ነጂው ከውስጥ ተቀምጧል። ለእግረኛው ነው። ምናልባት አንድ ቀን ኳስ ተከትሎ ወደ መንገድ ለሚዘልል ሕፃን ነው። ሠሪው በጋራዡ ውስጥ በሞረድ ተጎንብሶ ያንን ጠርዝ ሲያለሰልስ፣ ፈጽሞ ስለማያውቀውና ወደፊትም ላያገኘው ስለሚችል ሰው እየደከመ ነው። ከዚህ የበለጠ የጨዋነት ሥራ ምን አለ?

ይህን ምርመራ የሚቃወሙ ሰዎች አሉ። «መኪናዋን በገንዘቤና በጉልበቴ ሠራኋት፤ የምነዳትም እኔ፤ ብትገለበጥ የምጎዳውም እኔ ነኝ። ታዲያ መንግሥት ምን አገባው?» ይላሉ። ሌሎችም «ምርመራው ክፍያ አለው፤ ቦታው ሩቅ ነው፤ ሰው ሁለት ዓመት የደከመበትን ሥራ ስለ አንዲት ያልተሸፈነች የብሎን ጫፍ መልሶ መስደድ የፈጠራን መንፈስ ይገድላል» በማለት ያማርራሉ። እነዚህን ቃሎች በንቀት ማለፍ አይገባም። የሚናገሯቸው ሰዎች ሰነፎች አይደሉም፤ ከሥራው ላይ ውለው ያደሩ ናቸው። ብስጭታቸውም እውነተኛ ነው።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ክርክር ከመሠረቱ የተሳሳተ ይመስለኛል። መኪናዋ የግል ናት፤ መንገዱ ግን የግል አይደለም። መኪናዋ በሠሪው ግቢ ውስጥ ሳለች የርሱ ብቻ ናት፤ ከበሩ በወጣች ጊዜ ግን የሚያቋርጠው ሽማግሌ፣ ከፊት የሚመጣው ብስክሌተኛና አብሮት የተሳፈረው ወዳጁ ሁሉ ባለጉዳዮች ይሆናሉ። እነዚህ ሰዎች የሠሪውን የብየዳ ችሎታ መርምረው ለመፍረድ ጊዜም ዕውቀትም የላቸውም። በእነርሱ ምትክ ቆሞ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። መርማሪው ማለት እንግዲህ የእግረኛው እንደራሴ ነው።

ሁለተኛም፣ ማንም ሰው የገዛ ሥራውን ጉድለት በሚገባ አያይም። ይህ የተንኮል ወይም የስንፍና ጉዳይ ሳይሆን የሰው ተፈጥሮ ነው። አንድን ብየዳ መቶ ጊዜ ያየ ዓይን በመቶ አንደኛው ጊዜ የሚያየው በሐሳቡ ያለውን እንጂ በፊቱ ያለውን አይደለም። መርማሪው ለመኪናዋ ፍቅር የለውም፤ ያደረችበትን ሌሊት፣ የፈሰሰባትን ላብ አያውቅም። ለዚህም ነው ሠሪው የማያየውን የሚያየው። ፍቅር የሌለበት ዓይን ሁልጊዜ ክፉ ዓይን አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ሕይወት የሚያድነው እርሱ ነው።

ሦስተኛም፣ ምርመራው እንደሚባለው የፈጠራን መንፈስ አይገድልም። ሠሪው ሹል ጠርዝና የላላ ዳዶ እንደማያሳልፉት ከመጀመሪያው ያውቃልና፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተጠንቅቆ ይሠራል። «አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ» እንደተባለው፣ በችኰላ ያለፈውን ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም ከመጀመሪያው አስተካክሎ ከመሥራት ይልቅ እጅግ ይከብዳል። በመጀመሪያው ምርመራ የወደቀች መኪናም የተሠራው ሥራ ከንቱ ሆነ ማለት አይደለም። የጉድለቶቹ ዝርዝር በጽሑፍ ይሰጣል፤ ሠሪው አስተካክሎ እንደገና ያቀርባታል።

እርግጥ ነው፣ ሕጉም በበኩሉ ግዴታ አለበት። አንድ የመኪና ፋብሪካ አዲስ ዓይነት መኪና ለማውጣት ሲፈልግ ብዙ መኪናዎችን ከግንብ ጋር እያጋጨና እየሰባበረ ደኅንነታቸውን ያስመረምራል። ይህንኑ ፈተና ከግለሰቡ ሠሪ ብንጠይቅ ምን ይሆናል? ያለችው አንዲት መኪና ናት፤ ብትሰበር ፈተናውን ብታልፍም መኪና የለውም። እንዲህ ያለ ሕግ በቃሉ «ሥራ» እያለ በሥራው «አትሥራ» የሚል ሕግ ነው። የእንግሊዝ አገር ሕግ የተሻለ ነው የምለው ይህን ስላስተዋለ ነው። መኪናዋን ሳይሰብር ይመረምራል። በሩን ከፍቶ ደፍ ያበጅለታል እንጂ በሩን በግንብ አይደፍነውም። የሠሪው ግዴታ ለምርመራ መቅረብ ከሆነ፣ የሕግ አውጪው ግዴታ ደግሞ ተራው ዜጋ በርትቶ ሊያልፈው የሚችለውን ምርመራ ማዘጋጀት ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ወይ መንገዱ አደገኛ ይሆናል፤ ወይ እጆች ሥራ ይፈታሉ።

በዚህ ሥራ ውስጥ አንድ ሌላ ፈተና አለ፤ ይህኛው የብረት ሳይሆን የኅሊና ፈተና ነው። መኪናዋ ምርመራውን ካለፈች በኋላ ታርጋ እንዲሰጣት ትመዘገባለች። ሠሪው የእያንዳንዱን ዋና ክፍል ደረሰኝ ማቅረብ፣ ሞተሩ ወይም ካምቢዮው ከየት እንደመጣ ማስረዳት ይኖርበታል። ዕድሜዋ ወይም የክፍሎቿ ምንጭ በትክክል የማይታወቅ መኪና «ኪው» በሚል ፊደል የሚጀምር ልዩ ታርጋ ይሰጣታል። ብዙ ሰዎች ይህን ታርጋ አይወዱትም፤ ሲሸጧትም ዋጋዋን ዝቅ ያደርግብናል ይላሉ። ስለዚህ አንዳንዱ ሞተሩን ያወጣባትን የአሮጌዋን መኪና ሊብሬ ይዞ አዲሷን በዚያ ስም ለማለፍ ይፈተናል። ምርመራውን ያመልጣል፤ ታርጋውም ያምርለታል።

ነገር ግን እንዲህ ያለው ሰው ምን እንዳደረገ አስተውሉ። በገዛ እጁ የሠራትን መኪና በሌላ መኪና ስም ቀበራት። ለልጁ የሌላ ሰው ልጅ ስም እንዳወጣ አባት ሆነ ማለት ነው። መኪናዋን ከርሱ የሚገዛት ሰውም ማን እንደሠራት፣ ማን እንደመረመራት ሳያውቅ ቤተ ሰቡን ይጭንባታል። በእኔ አስተያየት እውነቱን የሚናገር የማያምር ታርጋ ከሚዋሽ ውብ ታርጋ ይበልጣል። «ዕድሜዬ በትክክል አይታወቅም» ማለት ነውር አይደለም፤ ነውሩ የሌላን ዕድሜ ለብሶ መገኘት ነው።

ምናልባት ከመካከላችሁ «ይህ ሁሉ ስለ እንግሊዝ አገር መኪና ነው፤ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» የሚል አይጠፋ ይሆናል። በአገራችንም መኪና በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ እንደሚለጠፍለት ታውቃላችሁ። በመስተዋቱ ላይ ያለችውን ያችን ቁራጭ ወረቀት ስታዩ ከእንግዲህ እንደ ተራ ወረቀት አትመልከቷት። ሐሳቧ «ይህን መኪና ከባለቤቱ ሌላ ሰው አይቶታል» የሚል ነው። ወረቀቷ ሳይመረመር የተለጠፈች እንደሆነ ግን፣ ከመሰረቅ የማይተናነስ በደል በመንገደኛው ሁሉ ላይ ተፈጽሟል።

ከዚህም በላይ እናንተ በእጃችሁ የምትሠሯቸው ነገሮች አሉ፤ ነገም ከዚህ የሚበልጡ ትሠራላችሁ። አንዱ ቤት ይሠራል፤ ሌላዋ መድኃኒት ትቀምማለች፤ ሌላው የኤሌክትሪክ መስመር ይዘረጋል። ያን ጊዜ በራሳችሁ እጅ መሥራትን አትፍሩ። የተሠራውን ከመግዛት ሌላ መንገድ የለም የሚላችሁን ሰው አትመኑ፤ መምህሩና ጡረተኛው በጓሮአቸው መኪና እንደሚሠሩ አይታችኋልና። ነገር ግን ሥራችሁ በተንቀሳቀሰ ጊዜ ወዲያው «አለቀ» አትበሉ። ለማይወዳችሁ ሳይሆን ሥራችሁን ገና ላልወደደው ሰው አሳዩት። «ይህ ጠርዝ ሹል ነው» ቢላችሁ አትቆጡ፤ ሞረዳችሁን አንሡ።

እንግዲህ በመጀመሪያ ላነሣሁት ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው። ሥራ የሚጀመረው በሠሪው ፍቅር ነው፤ የሚያልቀው ግን በሌላ ሰው ምርመራ ነው። ያች በጋራዥ ውስጥ የተወለደች መኪና በእውነት አለቀች የምትባለው ሞተሯ የተነሣ ዕለት አይደለም፤ ሠሪዋን የማያውቅ እግረኛ በአጠገቧ ያለ ስጋት ሊያልፍ የሚችልበት ዕለት ነው።